የቲቸር ዘሃራ ጀማዓ

የቲቸር ዘሃራን ማረፍ የነገረኝ የሚኒባስ ረዳት ነው። ከደሴ ተነስተን የሐረጎን ጠመዝማዛ ልንጀምር ስንል፣ በሩ ላይ እንደቆመ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «ቲቸር፣ ያቺ ሕዝብ ትጭን የነበረችው ሴትዮ አረፈች አሉ፤ አልሰማህም?» አለኝ።

አልሰማሁም ነበር። መታመሟን አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ሄጄ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ በዳይሬክተራችን ስትስቅ ነበር የተውኳት። እንዲያ የሚስቅ ሰው በሳምንቱ ይሞታል ብዬ አላሰብኩም። ቀኑን ሙሉ ክፍል ገብቼ ያስተማርኩትን አላስታውሰውም።

ረዳቱ ሕዝብ ያለው ጠርሙስ ነው። አፈ ሰፊ የብርጭቆ ጠርሙስ፣ ግማሹ ድረስ ሻይ የመሰለ ውሃ የተሞላ፣ አፉ ላይ ነጭ ጨርቅ የታሰረበት። ቲቸር ዘሃራ ጋቢና ትቀመጥና ጠርሙሱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ታቅፈዋለች። መኪናው ሐረጎን መውረድ ሲጀምር ሾፌሩን፣ «ቀስ በል ልጄ፣ ሕዝብ ይዣለሁ» ትለዋለች። አዲስ ሾፌር ከሆነ ደንግጦ በመስታወት ወደ ኋላ ያያል። እኛ የለመድነው ተሳፋሪዎች ደግሞ አፋችንን ይዘን እንስቃለን።

ኮምቦልቻ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር የምናስተምረው፤ እሷ ባዮሎጂ፣ እኔ አማርኛ። ሁለታችንም የምንኖረው ደሴ ስለነበር መንገዳችን አንድ ነው። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ መጀመሪያ ሰሞን እርስዎ እላት ነበር። «ተው እንጂ ጌታቸው፣ እርስዎ ባልከኝ ቁጥር ጡረታዬ የቀረበ ይመስለኛል» ብላ ከለከለችኝ። አጭር ናት፤ ስትራመድ ግን የሚደርስባት የለም። ስለ ባለ አንድ ሴል ፍጥረታት ማውራት ስትጀምር ትንሿን ጣቷን ቀና ታደርጋለች። ያቺ ጣት ከተነሳች ኮምቦልቻ እስክንደርስ አትወርድም።

ውሃውን የምትቀዳው ከቦርከና ዳር፣ ወንዙ ረግቶ ከሚቀርበት ቦታ ነው። ደረቅ ጭድ ትጨምርበትና ቤቷ በረንዳ ላይ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ታስቀምጠዋለች። ጭዱ ሲበሰብስ ባክቴሪያ ይፈላበታል፤ ባክቴሪያው ሲበዛ ባክቴሪያ በሎቹ ይበዛሉ። አልፎ አልፎ አንድ ፍሬ የተቀቀለ ስንዴ ጣል ታደርግላቸዋለች። ስንዴውን እነሱ እንደማይነኩት፣ እሱ ሲበሰብስ የሚመጣውን ባክቴሪያ እንደሚበሉ ስንት ጊዜ አስረድታኛለች። ለእኔ ውሃው የሸተተ ውሃ ነበር። እሷ ግን ጀማዓው ነበር የምትለው። «ጀማዓው ዛሬ ደህና አድሯል» ትላለች፣ ሰው የቤተሰቡን ደህንነት እንደሚናገር።

ትምህርት ቤት የማታስቀምጠው የጽዳት ሠራተኛዋ ሸተተኝ እያለች ስለምትደፋው ነው። እውነት ለመናገር እኔም ብሆን እደፋው ነበር።

«አሜባን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግህም» ትለኝ ነበር መንገድ ላይ። «ይህን ረዳት እየው። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራተኛ ሲያስገባ እየው! አሜባም እንዲሁ ናት። አፍ የላትም፣ እጅ የላትም። የምትበላውን ስታገኝ ገላዋን በዚህም በዚያም ትዘረጋና ትከበዋለች። ከዚያ በኋላ የከበበችው ሁሉ ሆዷ ውስጥ ነው።» ረዳቱ ሰምቶ፣ «ቲቸር፣ እኔን ነው?» ይላታል። «አንተን ነው፤ ጠጋ በሉ በላቸው» ትለዋለች።

ለእኔ የሰጠችኝ ስም ዩግሊና ነው። ዩግሊና፣ እንደ ነገረችኝ፣ ብርሃን ካገኘች በአረንጓዴ ገላዋ ምግቧን ራሷ ትሠራለች፤ ሲጨልምባት ደግሞ ውሃው ውስጥ የተገኘውን እየመጠጠች ትኖራለች። «አንተስ? ቀን በመንግሥት ደሞዝ፣ ማታ የሰው ልጅ በማስጠናት። ምን ልዩነት አላችሁ?» አለችኝ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነበር ያለችው፤ ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ለራሷ የመረጠችው ፓራሚሲየምን ነው። ቀኑን ሙሉ በገላዋ ዙሪያ ባሉት ጠጉሮች እየቀዘፈች፣ ባክቴሪያ ወደ ጉሮሮዋ እየጠረገች የምትውል፣ ዕረፍት የማታውቅ ምስኪን ናት አለች። «የመምህር ኑሮ ነው ያላት» ብላ ሳቀች።

ከጦርነቱ በኋላ ላቦራቶሪያችን ውስጥ የተረፈው ማይክሮስኮፕ አንድ ብቻ ነበር። ከሥሩ መስታወት ያለው፣ በፀሐይ የሚሠራ አሮጌ ነገር ነው። ሌሎቹ መምህራን ሰሌዳ ላይ ሥዕል ሥለው ያልፋሉ። እሷ ግን እያንዳንዱ ተማሪ ከእጄ ከመውጣቱ በፊት ፓራሚሲየም ስትበላ ማየት አለበት ባይ ነበረች። አንድ ቀን ዳይሬክተሩ፣ ሥዕሉ መጽሐፉ ላይ እያለ ለምን ይህን ሁሉ ሰልፍ ፀሐይ ላይ ታቆሚያለሽ ቢላት፣ «ሥዕሉ እኮ አይበላም!» አለችው። ዳይሬክተሩ ዞሮ ወደ ቢሮው ገባ።

ከሁሉም የማልረሳው የአባ ሙሄ ነገር ነው።

አባ ሙሄ ሆጤ ሰፈር ጎረቤቷ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር። አንድ ግቢ ውስጥ በር ለበር ነው የሚኖሩት። ብቻዋን ስለምትኖር ወጥታ ከመሸባት ሳይተኙ ይጠብቋታል፤ እሷም ሾርባ ከሠራች መጀመሪያ የምትቀዳው ለእሳቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሆዳቸውን እንዳመማቸው ነው። ያልጠጡት መድኃኒት፣ ያልሞከሩት ቅጠል አልነበረም።

አንድ ሐሙስ ዘሃራ ቤቷ ዱዓ አስደርጋ ነበር። ሸሆቹ መጥተው፣ ተቀርቶ፣ ተመርቆ ተበተነ። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ገራዶ የዘመድ ሰርግ ነበረባትና ሄደች። አባ ሙሄን ያን ቀን ሆዳቸው ክፉኛ ቆረጣቸው። በረንዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ መስኮቱ ደፍ ላይ ጠርሙሱን አዩት። ውሃው ቢጫ፣ አፉ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ የተሸፈነ። የወሎ ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሚያስብ መቼም ግልጽ ነው፤ ቁርአን የተቀራበት፣ የዱዓው ውሃ ነው። «ቢስሚላህ» ብለው በጣሳ ቀድተው ጠጡ። ደገሙም። ውሃው በጣም መጉደሉን ሲያዩ ይሉኝታ ያዛቸውና ከቦንቧ ሞልተው፣ ጨርቁን እንደነበረው አስረው አስቀመጡት።

ዘሃራ እሑድ ጠዋት ጠብታ ወስዳ ብታይ አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ማይክሮስኮፑን ለሰኞው ክፍለ ጊዜ ብላ ወደ ቤቷ አምጥታው ነበር። ሌላ ጠብታ፣ ሌላ ጠብታ፤ ሁሉም ጭጭ። የቦንቧችን ውሃ ክሎሪን ሲበዛበት ሻይ እንኳ አያስጠጣም፤ ጀማዓውን ፈጅቶታል። ወጥታ አባ ሙሄን ጠርሙሴን የነካ ሰው አይተዋል ወይ ብትላቸው፣ ፊታቸው በርቶ፣ «እኔ ነኝ ልጄ! ወላሂ፣ እንዲህ ሆዴን ያበረደልኝ ነገር አይቼ አላውቅም» አሏት።

ስልክ ደወለችልኝ። «ጌታቸው፣ ሰው ሳልገድል አልቀረሁም» አለችኝ። ሮጬ ሄድኩ።

ስደርስ አባ ሙሄ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ገንፎ እየበሉ ነው። ጉንጫቸው ቀልቷል። ዘሃራ ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝና ነገሩን ሁሉ ነገረችኝ። ሳቄ አመለጠኝ፤ እንደማትስቅ ሳይ አፌን ያዝኩ። ፓራሚሲየሞቹ ለሰው ምንም እንደማያደርጉ፣ ግን ከቦርከና ጋር ሌላ ምን እንደመጣ አላህ ብቻ እንደሚያውቅ ነገረችኝ። «አብሽሪ፣ ድነዋል እኮ!» አልኳት። «ዝም በይና ነገሩ እንዲሁ ይለፍ። ለምን ሽማግሌውን ታሳፍሪያቸዋለሽ?»

ልትመልስልኝ አፏን ስትከፍት ከውጭ የሴት ድምፅ ተሰማና ወጣን። አባ ሙሄ ለሱብሂ መስጊድ ሄደው መዳናቸውን ለሰው ሁሉ አውርተው ኖሯል። ግቢው ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዎች ባዶ ሀይላንድ ይዘው ቆመዋል። ከፊት ያለችው ሕፃን ያዘለች ወጣት እናት ናት። ልጁ ተቅማጥ ይዞት ከሰነበተ ቆይቷል፤ አንገቱን ጀርባዋ ላይ ጥሏል። «ለልጄ ትንሽ ጠብ ካደረጋችሁልኝ ብዬ ነው፣ በአላህ» አለች።

አባ ሙሄ ጠርሙሱን አንስተው ሊቀዱላት ነው። እኔ ዘሃራን አየኋት፤ እሷ ልጁን ታያለች። ያን ጊዜ የገባት ነገር እኔም ገባኝ። ብትናገር አባ ሙሄ በሰፈሩ ሁሉ ፊት መሳቂያ ሊሆኑ ነው፣ እሷም አባቷን ያህል የምታከብራቸውን ሰው ልታጣ ነው። ዝም ብትል ያ ሕፃን የቦርከናን ውሃ ሊጠጣ ነው።

«አባ ሙሄ፣ ያስቀምጡት» አለች። «የዱዓ ውሃ አይደለም። ለተማሪዎች የማሳየው የወንዝ ውሃ ነው፤ ከቦርከና ራሴ የቀዳሁት። ጭድ በስብሶበታል። ልጁ አንድ ጠብታ እንዳይቀምስ።»

አንዱ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌሎቹም። አባ ሙሄ አልሳቁም። ጠርሙሱን ቀስ ብለው ደፉ ላይ መለሱት፣ ገንፏቸውን ትተው ቤታቸው ገቡና በሩን ዘጉ። ዘሃራ እናትየዋን ይዛ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠች። ልጁ ዳነ። ዛሬ እዚያው ሰፈር ጎማ ሲያባርር ይውላል።

አባ ሙሄን ግን ሰፈሩ አልማራቸውም። ባለፉ ቁጥር፣ «አባ ሙሄ፣ ቦርከና እንዴት ነው፣ ሞላ?» የሚላቸው አይጠፋም። ምርመራ እንዲያደርጉ ዘሃራ አማላጅ ልካ ላቦራቶሪ ሄዱ፤ አሜባ ተገኘባቸው። ይህን ስሰማ፣ «አሜባ ያልተገኘበት ሰው ደሴ ውስጥ ማን አለና!» ብዬ ላጽናናት ሞከርኩ። አባ ሙሄ ግን ሰላምታዋን በጉሮሮ ብቻ ነበር የሚመልሱላት። የላከችውን ሾርባ ሳይነኩት ይመልሱታል። ሚኒባስ ውስጥ ጣቷ አልነሳ አለች። እንዲያ ዝም ብላ ሐረጎን ስትወርድ ያን ሰሞን ብቻ ነው ያየኋት። «እውነቱን መናገሬ አይቀርም ነበር፤ ግን ጠርቼ ለብቻቸው ብነግራቸው ይሻል ነበር» አለችኝ አንድ ቀን። ጊዜ አልነበረሽም እኮ ብላት ራሷን ነቀነቀች።

ወር አለፈ መሰለኝ። አንድ ጠዋት መናኸሪያ ስንደርስ አባ ሙሄ ከዘራቸውን ይዘው ሚኒባሱ ውስጥ ቀድመውን ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ፣ «የጠጣሁትን አሳዪኝ» አሏት።

ጀማዓው እንደገና ተቀድቶ፣ ጭዱ በስብሶ፣ በዝቶ ነበር። ያን ቀን የእኔን ክፍለ ጊዜ ለሌላ መምህር ሰጥቼ ተከተልኳቸው። ተማሪዎቹ ለአባ ሙሄ ቦታ ለቀቁላቸው። ዘሃራ ማይክሮስኮፑን ወደ ፀሐይ አዙራ አስተካከለችላቸው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ሁለቱንም ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንዱን ይግለጡት፣ አባ ሙሄ።»

«ገለጥኩ። ጠጉር ነው የማየው።»

«የራስዎ ሽፋሽፍት ነው። ትንሽ ራቅ ይበሉ።»

ራቅ አሉ። ከዚያ ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀች። «ሱብሃነላህ! ትሄዳለች! ወዴት ነው እንዲህ የምትቸኩለው?»

«ምግብ ፍለጋ።»

«እግር የላትም እኮ!»

«በጠጉሯ ነው የምትቀዝፈው። ሆዷን ይዩት እስቲ።»

«ቀይ ዶቃ አለበት።»

«የበላችው ነው። የዳቦ እርሾ ቀይ ቀለም ነክሬ ሰጠኋት፤ ሲዋጥ እንዲታይ ብዬ። እርሾውም እንደ እሷ ባለ አንድ ሴል ነው።»

አባ ሙሄ ቀና አሉ። «እርሾም ነፍስ አለው?»

«አለው እንጂ።»

«እና ነፍስ ነፍስን ትበላለች?»

«እንግዲህ ምን ትብላ፣ አባ ሙሄ? ገበያ አትወጣ።»

ተመልሰው ጎንበስ አሉ። ተማሪዎቹ ተራቸውን ረስተው እሳቸውን ነው የሚያዩት። «አንዷ ታማለች» አሉ ቆይተው። «ወገቧ ሊበጠስ ነው።»

ዘሃራ አየችላቸው። «አልታመመችም። ለሁለት ልትሆን ነው። ትንሽ ቢቆዩ ሁለት ሆነው ሲሄዱ ያያሉ።»

«እናትየዋ የትኛዋ ናት?»

«ለይቶ የሚያውቅ የለም። እናት የሚሏት የለችም፤ ሁለቱም እሷው ናቸው።»

«ታዲያ ለቅሶ የላቸውም በይኛ!»

«ስንዴ ካልጎደለባቸው፣ የሚጠጣቸው ሽማግሌም ካልመጣ» አለች ዘሃራ። ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው የደነገጠችው። አባ ሙሄ ቀና ብለው አዩአት፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ቀጥሎም ሳቁ ገነፈለ። እስኪያለቅሱ ሳቁ። «ስንቱን ፈጀሁት ያረቢ!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ብቻ ቢስሚላህ ብዬ ነው የጠጣኋቸው። ይህን ያዢልኝ።»

ስንመለስ ጋቢና የተቀመጡት እሳቸው ናቸው፤ ጠርሙሱን ያቀፉትም እሳቸው። በማግስቱ ሾርባው አልተመለሰም።

ዘሃራ አምና ጡረታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ላቦራቶሪው እንደተቆለፈ ነው። አዲሱ የባዮሎጂ መምህር ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ሥዕል ነው የሚሥለው። ማይክሮስኮፑ አቧራ ጠጥቷል። እኔም ጠርሙሱ ከእሷ ጋር ጡረታ የወጣ መስሎኝ፣ ባለፈው ሳምንት ስጠይቃት እንኳ መስኮቱን ደፍ ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር።

የሰማሁ ዕለት ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሆጤ ሄድኩ። ጠዋት ቀብረዋታል። ድንኳኑ ውስጥ ከሰዎቹ ጋር ጥቂት ተቀመጥኩ፤ አላህ ይዘንላት አልኩ፤ አልቀመጥ ሲለኝ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ጠርሙሱ መስኮቱ ደፍ ላይ ነው። ውሃው ቢጫ፣ ጨርቁ ነጭ። ሥሩ አንድ ፍሬ ስንዴ ተቀምጧል፤ ገና ትኩስ ስንዴ፣ ያልበሰበሰ። ሆዱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል። እጁ በሚንቀጠቀጥ ሰው ጽሕፈት፣ በትልልቁ፣ «አይጠጣም። ነፍስ አለበት» ይላል።

ዘወር ስል አባ ሙሄ ከኋላዬ ቆመዋል። ዓይናቸው አብጧል። «ከታመመች ጀምሮ እኔ ነኝ የማበላቸው» አሉኝ። «ዛሬም ከቀብር ስመለስ ነው የጣልኩላቸው። አበዛሁባቸው ይሆን? እሷን እንዳልጠይቅ…» አልጨረሱትም። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

አበዙም አላበዙም የምልበት ዕውቀት የለኝም፤ አማርኛ ነው የማስተምረው። እሳቸው ግን ጓዳ ገብተው አንድ ባዶ ሀይላንድ ይዘው መጡ። ጨርቁን ፈቱ፣ ከጠርሙሱ ግማሹን ቀስ አድርገው ገለበጡልኝ፣ አየር እንዲገባው ክዳኑን በመርፌ ወጉት። «ለልጆቹ አድርስላት» አሉኝ። «ያ አዲሱ መምህር ሥዕሉን ይተው። ግማሹ እዚህ ይቀመጣል፤ ሁለቱም እነሱው ናቸው።»

በማግስቱ ጠዋት ጋቢና ተቀመጥኩ። ውሃው ይሸታል፤ ሾፌሩ መስኮቱን ከፈተ። ጉልበቴ ላይ በሁለት እጄ አቀፍኩት። ሐረጎ መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ያንን ነገር ማለት አለብኝ፤ አፈርኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ቀስ በል ወንድሜ» አልኩት። «ሕዝብ ይዣለሁ።»

ሾፌሩ ዞሮ አየኝ። ከኋላ ግን ረዳቱ ሰምቶኛል፤ የሚኒባሱን ጣሪያ በመዳፉ ደበደበና ጮኸ።

«ቀስ! የቲቸር ዘሃራ ሰዎች ተሳፍረዋል፣ ቀስ!»